በአንድ የካርት ክለብ የነዳጅና የመሣሪያ ፍተሻን ማደራጀት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጃንዋሪ፣ ውድድሩ ሳይከፈት

በሜሪላንድ ገጠር በሚገኝ አነስተኛ የካርት (የትንሽ ክፍት የእሽቅድምድም መኪና) ክለብ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የቴክኒክ ፈታሽ ሆኜ አገለግላለሁ። ዘንድሮ ክለቡ የፍተሻውን ሥራ ከመሠረቱ እንዳደራጅ ኃላፊነት ስለሰጠኝ፣ የሚሠራውን ሁሉ በዚህ ማስታወሻ መመዝገብ ጀምሬአለሁ። ለዚህ ያበቃን ባለፈው ወቅት ማብቂያ ላይ የተፈጠረው ሁኔታ ነው። በልጆች ምድብ ውስጥ የአንዱ ቤተሰብ ነዳጅ የተለየ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ ወሬው ሳይጣራ ከረመ፤ በመጨረሻም ተጠርጣሪው ቤተሰብም ጠርጣሪውም ክለቡን ለቀው ሄዱ። የተባለው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬም የሚያውቅ ሰው የለም፤ በወቅቱ የሚያጣራ መሣሪያም ሆነ የተጻፈ አሠራር አልነበረንም።

የካርት ውድድር ሲጀመር የድሃ ሰው ስፖርት ነበር። በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ አርት ኢንግልስ የተባለ የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ከብረት ቱቦ በበየደው ሻንሲ ላይ የሣር ማጨጃ ሞተር ገጥሞ የመጀመሪያውን ካርት ሠራ። ዛሬም ቢሆን ወደ ክለባችን የሚመጡት አብዛኞቹ ቤተሰቦች ካርታቸውን በፒክአፕ ጭነው ቅዳሜ ማለዳ የሚደርሱ ሠራተኞች ናቸው። ለነዚህ ሰዎች የደንብ ማስከበር ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ አንዱ በማይታይ መንገድ ጥቅም ካገኘ ሌላው ያንን ለማካካስ አዲስ ሞተርና አዲስ ጎማ ይገዛል፤ መግዛት ያልቻለው ልጁን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሥራውን ስጀምር አንድ አቋም ይዣለሁ። በሜዳው ላይ፣ በእጃችን ባለው መሣሪያ፣ ሁለት የተለያዩ ፈታሾች ለክተው አንድ ዓይነት ውጤት የማያገኙበትን ነገር በደንቡ ውስጥ አናሰፍርም።

ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ስለ ሞተሮቹ

በክለባችን ሁለት ዓይነት ሞተር ይወዳደራል። ብዙውን ቦታ የያዘው ባለ አራት ምቱ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን 206 ነው፤ ሁለተኛው ባለ ሁለት ምት 100 ሲሲ ነው። የ206ቱ ሞተር ለፈታሽ ትልቅ እፎይታ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በቁጥር ምልክት በተደረገባቸው ማኅተሞች ታሽጎ ይመጣል፣ የሻማውን ብልጭታ የሚሰጠው ማብሪያ ክፍሉም ፍጥነቱን በደቂቃ 6,100 ዙር ላይ ይገድበዋል። ባለቤቱ ውስጡን ከፍቶ ቢነካካ ማኅተሙ ይናገራል። የልጆቹ ምድቦች የሚለዩት አየርና ነዳጅ በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተንሸራታች ቫልቭ ነው፤ የአዋቂዎቹ ጥቁር ሲሆን፣ የልጆቹ በሌላ ቀለም ተሠርቶ የመክፈቻውን ልክ ያሳንሳል። ቀለም ግን ሊቀባ ይችላል፤ ስለዚህ ቀለሙን አይተን ከማለፍ ይልቅ የመክፈቻውን ቁመት በልክ ማረጋገጫ ብረት እንድናይ ወስኛለሁ።

ማኅተሙን በተመለከተ የሁሉንም ሞተሮች ቁጥር በወቅቱ መክፈቻ ላይ መዝግቦ ፎቶ ማንሣት በቂ ነው። ይህ ብዙ ማሰብ የማያስፈልገው ሥራ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ትልቁ ራስ ምታት ነዳጁ ነው።

ፌብሩዋሪ፣ የነዳጁ ምርጫ

ነዳጅ ላይ ሰው ለምን እንደሚያጭበረብር መረዳት ያስፈልጋል። ሞተር ኃይል የሚያገኘው ነዳጅ ከአየር ጋር ሲቃጠል ነው፤ የሚስበው የአየር መጠን ደግሞ በሲሊንደሩ ስፋትና በካርቡሬተሩ ቀዳዳ የተገደበ ነው። አንዳንድ ኬሚካሎች ግን በውስጣቸው ኦክስጅን ይዘው ይመጣሉ። ፕሮፒሊን ኦክሳይድ፣ ናይትሮሜቴንና ዳይኦክሴን ከነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ቤንዚን ውስጥ ሲጨመሩ ያው ሞተር ባልተለወጠ ቀዳዳ የበለጠ ነዳጅ ማቃጠል ይችላል። ፕሮፒሊን ኦክሳይድና ዳይኦክሴን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩ ኬሚካሎች መካከል መሆናቸው ነገሩን ከውድድር ጉዳይ በላይ ያደርገዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ እየተነፈሰ ከሌላ ካርት ኋላ ይነዳል፤ አባቱም በባዶ እጁ ነዳጁን ይቀዳል። በእኔ እምነት የነዳጅ ፍተሻን ቸል ማለት በልጆች ጤና ላይ መፍረድ ነው።

ለምድቦቻችን ምን ዓይነት ነዳጅ እንምረጥ በሚለው ላይ ሰፊ ክርክር ነበር። አንዳንዶች እንደ አንዳንድ የሞላላ ትራክ ውድድሮች ሜታኖል እንጠቀም አሉ። ሜታኖል አንድ ወጥ ኬሚካል በመሆኑ ለፍተሻ ይመቻል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የአንድ ሚሊ ሊትር ክብደቱ 0.79 ግራም ገደማ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም፤ ሲቃጠል ያላየ ሰው እጁን ይከትበታል፤ ከመርዛማነቱ ጋር ተደምሮ ልጆች በሚሯሯጡበት ቦታ እንዲኖር አልፈለግሁም፤ ሐሳቡም ወደቀ።

የቀረው ቤንዚን ነው። በአሜሪካ ከማደያ የሚቀዳው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የተባለ አልኮል የተቀላቀለበት ነው። "እስከ" የሚለው ቃል ለፈታሽ ከባድ ነው፤ ከአንዱ ማደያ 10 በመቶ፣ ከሌላው ከዚያ ያነሰ ይገኛል። ነዳጁን የምንፈትንበት የኤሌክትሪክ መለኪያ ደግሞ ትንሽ ኢታኖል እንኳ ቁጥሩን በብዙ ይለውጥበታል፤ ከማደያ ማደያ ያለው ልዩነት ራሱ ሕጋዊውን ሰው አጭበርባሪ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ተወዳዳሪ ከትራኩ ከሚቀርበው፣ ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን ከሚሸጥ አንድ ማደያ፣ ከአንዲት ፓምፕ ብቻ እንዲቀዳ ወሰንን። ውድድሩ ማለዳ ላይ እኔ ራሴ ከዚያችው ፓምፕ ቀድቼ የማመጣው ናሙና የዕለቱ ማመሳከሪያ ይሆናል።

ማርች፣ በጋራዥ ውስጥ የተደረገ ሙከራ

መለኪያው ደርሷል። የሚሠራው የአንድን ፈሳሽ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት፣ ማለትም ፈሳሹ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የሚሰጠውን ምላሽ በመለካት ነው። ጥሩ ቤንዚን 2 አካባቢ ነው፤ ኢታኖል 25 ገደማ፣ ሜታኖል 33 ገደማ፣ ውሃ 80 ገደማ ነው። ስለዚህ ከነዚህ አንዱ በትንሹ ቢቀላቀል ቁጥሩ ይዘላል። መለኪያው የሚስተካከለው በሳይክሎሄክሴን ነው፤ ዳይኤሌክትሪኩ 2.02 ሆኖ የጸና ንጹሕ ፈሳሽ ስለሆነ ዜሮውን በእርሱ ላይ እንይዛለን።

አሠራሩን እንዲህ አደራጅቻለሁ። ሳይክሎሄክሴኑን በትንሽ የመስታወት ኩባያ ውስጥ እቀዳለሁ፤ የመለኪያውን ጫፍ እስከ ምልክቱ ድረስ እነክረዋለሁ፤ በቀስታ አወዛውዤ የአየር አረፋውን አስወጣለሁ። አንድ አረፋ በጫፉ ቀለበት መሐል ተጣብቆ ከቀረ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ይህም ለሚያጭበረብር ሰው ይጠቅማል። ቁጥሩ ሲረጋ ዜሮ አደርጋለሁ፤ ጫፉን አውጥቼ በአየር እንዲደርቅ እተወዋለሁ። በጨርቅ አልጠርገውም፤ የጨርቁ እርጥበትና ክር ለሚቀጥለው ናሙና ይተርፋል። ከዚያ የማደያውን ናሙና፣ ቀጥሎም የተወዳዳሪውን እለካለሁ፤ በመጨረሻ ወደ ሳይክሎሄክሴኑ ተመልሼ ዜሮው አለመንቀሳቀሱን አረጋግጣለሁ። ዜሮው ከተንቀሳቀሰ በመካከል የተለካው ሁሉ ይሰረዛል።

በጋራዡ ውስጥ ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው የሙቀት ጉዳይ ነው። ከአንድ ጀሪካን የተቀዱ ሁለት ኩባያዎችን አንዱን በጥላ፣ ሌላውን በፀሐይ ላይ አቆይቼ ስለካቸው ንባባቸው ተለያየ። ዳይኤሌክትሪክ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ የቤንዚን መጠንም በየ10 ዲግሪው ወደ 1 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ የአንድ ሚሊ ሊትር ክብደቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከውድድር የወጣ ካርት የነዳጅ ቋት ከሞተሩ አጠገብ ሲሞቅ የቆየ ነው፤ የእኔ ማመሳከሪያ ግን በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ውሎአል። ሁለቱን እንዲሁ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስለዚህ የማመሳከሪያውም የተወዳዳሪውም ኩባያ በአንድ የውሃ ገንዳ ውስጥ ገብተው፣ በቴርሞሜትር እኩል መሆናቸው ሳይረጋገጥ አንድም ልኬት እንዳይጻፍ ደንብ አድርጌዋለሁ። ሥራውን ያዘገየዋል፤ ቢሆንም አይታለፍም።

ማርች አጋማሽ፣ አንድ መለኪያ ስለማይበቃ

ዳይኤሌክትሪክ መለኪያ ብቻውን አያስተማምንም። ከላይ የጠቀስኩት ዳይኦክሴን ዳይኤሌክትሪኩ 2.2 ገደማ ብቻ ስለሆነ በቤንዚን ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል፤ አጭበርባሪዎች የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ቶሉኢን የተባለው ኬሚካልም 2.4 አካባቢ ሆኖ ብዙ አያስነሣም። ነገር ግን የዳይኦክሴን ክብደት በሚሊ ሊትር 1.03 ግራም፣ የቶሉኢን 0.87 ግራም ነው፤ የተለመደው ቤንዚን ከ0.72 እስከ 0.775 ባለው ውስጥ ስለሚገኝ ክብደቱን የሚለካ ሰው ከማመሳከሪያው የራቀውን ያያል። በተጨማሪ ዳይኦክሴንና የአልኮል ዘሮች ከውሃ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ቤንዚን አይዋሐድም።

ስለዚህ ሦስት ፈተናዎችን በአንድ ላይ እንጠቀማለን፦ መለኪያውን፣ በፈሳሹ ውስጥ በሚንሳፈፍ ሃይድሮሜትር የሚታየውን ክብደትና የውሃ ፈተናውን። የውሃው ፈተና ቀላልና ለተመልካች የሚታይ ነው። 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስመር ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገባል፤ 90 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ይጨመርበታል፤ ተወዝውዞ ይቀመጣል። ንጹሕ ቤንዚን ከሆነ ውሃው ከታች በ10 መስመር ላይ ይረጋል። ነዳጁ 10 በመቶ ኢታኖል ካለበት ኢታኖሉ ወደ ውሃው ስለሚወርድ የታችኛው ፈሳሽ ወደ 19 ይጠጋል። ተወዳዳሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ማንበብ ይችላል፤ የምወደውም ይህንን ነው። ማንም ሰው ፈታሹን ማመን ሳይጠበቅበት በዓይኑ ያየዋል።

ለባለ ሁለት ምቱ ሞተር ሌላ ጣጣ አለ። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ፣ በተለይ የጉሎ ዘይት ያለበት ከሆነ፣ የመለኪያውን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። መፍትሔው በዚያ ምድብ የሚፈቀደውን ዘይት በስምና በመጠን አንድ ብቻ አድርጎ፣ ማመሳከሪያውን በዚያው ልክ እኛው መቀላቀል ነው።

ኤፕሪል፣ ሚዛኑና የልክ ብረቶቹ

ከነዳጅ ይልቅ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ሚዛን ነው። እያንዳንዱ ምድብ ሹፌሩ ከነካርቱ ከውድድር ሲወጣ ሊኖረው የሚገባ ዝቅተኛ ክብደት አለው፤ ያነሰ ሰው ውጤቱ ይሰረዛል። ሚዛኑን የምናስቀምጥበትን ሲሚንቶ በውሃ ልክ አረጋግጠን፣ በአራቱም ማዕዘን በታወቀ የ20 ኪሎ መመዘኛ ፈትነነዋል። ከማለዳ እስከ ማታ ክፍት ሆኖ ማንም ሰው ከውድድሩ በፊት በነጻ ይመዘንበታል። ተጨማሪ እርሳስ የሚጭን ሰው ከመቀመጫው ጋር በብሎንና በዳዶ እንዲያስረው ይገደዳል፤ በፍጥነት ላይ ተፈትቶ የሚወረወር የሁለት ኪሎ እርሳስ ሰው ይገድላል።

ለካርቡሬተሩ የልክ ብረቶች አዘጋጅተናል። ማለፍ የሌለበት ብረት በቀዳዳው ውስጥ ካለፈ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የእጅ ጉልበት ፍርዱን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ብረቱን በሁለት ጣት ይዞ በራሱ ክብደት እንዲወርድ መልቀቅ እንጂ መግፋት ፈጽሞ ክልክል ነው። ሞተሩም ሆነ ብረቱ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ የሞቀ አልሙኒየም ይሰፋልና።

ጎማን በተመለከተ አንዳንዶች በኬሚካል እያለሰለሱ እንደሚጠቀሙ የታወቀ ነው። በዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የካርት ውድድሮች የጎማውን ትነት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ከ5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ) በላይ የተገኘበት ይቀጣል። ያ መሣሪያ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የጎማውን ቁጥር መዝግበን፣ ልስላሴውን በእጅ መለኪያ ከአዲስ ጎማ ጋር እናነጻጽራለን። አዲሱም ጎማ በዚያው ጥላ ሥር የዋለ መሆን አለበት።

ሜይ፣ የመጀመሪያው ውድድር

አሠራሩ ተጽፎ በመግቢያው በር ላይ ተለጥፏል። ከየምድቡ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና በዕጣ የወጣ አንድ ካርት ወደ ተከለለው የፍተሻ ቦታ ይገባሉ፤ ቤተሰብ ከገመዱ ውጭ ሆኖ ይመለከታል፤ እያንዳንዱን ቁጥር አንድ ፈታሽ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። በዕጣ የሚወጣው አራተኛው ካርት በእኔ እይታ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ሁልጊዜ አሸናፊው ብቻ የሚመረመር ከሆነ ፍተሻው የቅናት መወጫ ይመስላል።

ከማጣሪያው በኋላ የማብሪያ ክፍሎችን በዕጣ አለዋውጠናል። ሁሉም ክፍሎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሌላውን አንሥቶ ገጠመ። በዚህ መንገድ ማንንም ሳንከስ በማብሪያ ክፍል ላይ የማጭበርበርን ትርጉም አሳጥተነዋል። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ አብዛኞቹ ግን ወደዱት። ከፍተሻውም ምንም ጥፋት አልተገኘም።

ጁን፣ ከፍ ያለው ንባብ

በዚህ ዙር በልጆች ምድብ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ናሙና ከማመሳከሪያው በጉልህ ከፍ ብሎ ተነበበ። የልጅቷ አባት የአገሬ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አብረን እንጠጣለን። ስለዚህ ንባቡ እንደታየ መለኪያውን ለባልደረባዬ ለሌላው ፈታሽ አስረክቤ ከጠረጴዛው ዞር አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ልኬት ሁሉ እርሱና የውድድሩ መሪ አደረጉት። የነዳጁ ሙቀት ከማመሳከሪያው ጋር እኩል ነበር። ዜሮው አልተንቀሳቀሰም። ሃይድሮሜትሩ ከማመሳከሪያው ብዙ የራቀ ነገር አላሳየም። በውሃው ፈተና ግን የታችኛው ፈሳሽ ከ10 ተነሥቶ 14 ላይ ቆመ።

ሦስቱ ውጤቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ። ክብደቱ ስላልራቀ ዳይኦክሴን ሊሆን አይችልም፤ ከውሃ ጋር የተዋሐደው ነገር ኢታኖል ቢሆን ነው። አባትየው ሲጠየቅ አልሸሸገም፤ ጀሪካኑ ማለዳ ላይ ግማሽ ሆኖ ስላገኘው ከቤቱ አጠገብ ካለው ማደያ ሞልቶ መጣ።

ወደ እኔ መጥቶ "ወንድሜ፣ ይህች ትንሽ ኢታኖል ለሞተሩ ምን ትጨምርለታለች? አንተ ታውቀዋለህ እኮ" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ያን ያህል ኢታኖል በዚያ ሞተር ላይ የሚያመጣው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ካርቡሬተሩ ሳይስተካከል ሲቀር እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። ያም ሆኖ "ወንድሜ፣ ደንቡ የሚለካው ጥቅሙን ሳይሆን ነዳጁን ነው፤ የጥቅሙን መጠን ልመዝን ብል ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሚዛን ልይዝ ነው" ብዬ መለስኩለት። የዚያ ዙር ውጤት ተሰረዘ። ነገር ግን ደንቡ ሁለት ዓይነት ቅጣት ስላለው ከወቅቱ አልታገዱም፤ እገዳ የተቀመጠው ጎጂ ኬሚካል ለተገኘበት ሰው ብቻ ነው። ሁለቱን መለየት ግድ ነው። ከተሳሳተ ማደያ የቀዳን አባትና ልጆች የሚተነፍሱት መርዝ የቀላቀለን ሰው በአንድ ዓይን ማየት በራሱ ኢፍትሐዊ ነው።

ልጅቷ አለቀሰች። አባትየው የፍተሻውን ወረቀት ሲያነብ ቆይቶ ፈረመበት፤ በማግሥቱም ደውሎ፣ ሦስቱን ፈተናዎች ቆሞ ባያይ ኖሮ አምኖ እንደማይቀበል ነገረኝ።

ጁን መጨረሻ፣ የደንብ ማሻሻያ

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ለክለቡ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በጣም ታማኝ ሰው እንኳን በቤቱ አጠገብ ያለ ማደያ ሲቀናው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ነዳጁን ክለቡ ራሱ ገዝቶ በትራኩ ላይ በዋጋው እንዲሸጥ ጠየቅሁ። በትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ነዳጅ በስፍራው ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚታደለውም ለዚሁ ነው። የ206 ሞተር በአንድ ቀን የሚጠጣው ጥቂት ሊትር ስለሆነ፣ 55 ጋሎን የሚይዝ አንድ በርሜል ለአንድ ውድድር ይበቃናል። የአካባቢው የእሳት አደጋ ቁጥጥር ቢሮ ስለ ማከማቻው ያወጣቸውን ግዴታዎች አሟልተናል፤ በርሜሉ ከቡድኖቹ ማረፊያ ርቆ፣ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ጋር በሽቦ ተያይዞ፣ ማጥፊያ አጠገቡ ተቀምጦለታል።

ኮሚቴው ተቀብሎታል። የተጻፈው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ተወዳዳሪው ባዶ የነዳጅ ቋት ይዞ ይመጣል፤ በትራኩ ላይ ከሚሸጠው ነዳጅ ውጭ ምንም ነዳጅ በካርቱ ውስጥ አይገባም፤ ፈታሽ በማንኛውም ሰዓት ቋቱን አስፈስሶ ከበርሜሉ እንዲሞላ ሊያዝ ይችላል።" የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉ ይጠቅማል፤ ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ሳንወነጅል፣ ከመነሻው መስመር በፊት ነዳጁን ማስለወጥ ያስችለናል።

ጁላይ

የበርሜሉ አሠራር ተጀምሯል። የዕለቱ ማመሳከሪያ አሁን ከበርሜሉ ይቀዳል፤ የእያንዳንዱ ተፈታሽ ናሙና ሁለት ጠርሙስ ይወሰዳል፤ አንዱ እዚያው ይፈተናል፣ ሁለተኛው በተወዳዳሪው ፊርማ ታሽጎ የይግባኙ ጊዜ እስኪያልፍ ይቀመጣል፤ ይግባኝ ካለ በተወዳዳሪው ወጪ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ነጻ ከወጣ ወጪውን ክለቡ ይሸፍናል።

ሁለት ወጣቶች መለኪያውን እንዲይዙ እያሠለጠንኩ ነው። ተመሳሳይ ናሙና ለየብቻ ሰጥቻቸው የሚጽፉትን አወዳድራለሁ፤ ቁጥራቸው እስኪገጥም ለብቻቸው አይፈርሙም። ሳይክሎሄክሴኑ ሊያልቅ ስለተቃረበ አዲስ ጠርሙስ ታዟል፤ ኦገስት ላይ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተለክተው አንድ ዜሮ መስጠታቸው ከተረጋገጠ በኋላ አሮጌው ይወገዳል።